ደጅ ጥናትና ማመልከቻ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አንዲት እኅታችን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ ወደ እኛ መጣች። ባለቤቷ የበታች ሹም ሲሆን ሩቅ ግዳጅ ላይ ይገኛል። እሷ ከሰፈራችን ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ በአዋላጅ ነርስነት ታገለግላለች። ሁለት ልጆች አሏት፤ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ከተቀበለች አምስት ዓመት አልፏታል። የያዘችው ወረቀት በባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ጤና የማስተርስ ትምህርት ለመከታተል የጻፈችው ማመልከቻ ነበር። ከእኛ የፈለገችውም እንግሊዝኛውን እንድናቃናላት ብቻ ነው።

ተቀብለን አነበብነው። እንግሊዝኛው ይህን ያህል የሚነቀፍ አልነበረም። ይሁን እንጂ ቃሉ የባዕድ ሆኖ ነፍሱ የእኛው የአቤቱታ ወረቀት ነበር። ሲጀምር ለተቀባዮቹ የከበረ ሰላምታ ያቀርባል፤ ቀጥሎ አመልካቿ ከልጅነቷ ጀምሮ ለትምህርት የነበራትን ፍቅር፣ የወላጆቿን ችግር፣ አገሯን ለማገልገል ያላትን ጽኑ ምኞት ይዘረዝራል፤ በመጨረሻም ችግሯን ተመልክተው መልካም ፈቃዳቸው ይሆን ዘንድ በታላቅ ትሕትና ይለምናል። ወረቀቱ አንድ ገጽ ሙሉ ነው። በዚያ ገጽ ውስጥ ጤና ጣቢያው አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሰም።

በዚህች እኅታችን ልንፈርድ አንችልም። ሁላችንም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ የተማርነው የአጻጻፍ ሥርዓት ይኸው ነው። አያቶቻችን ጉዳያቸው እንዲፈጸም ወራት ደጅ ይጠኑ ነበር፤ በሩን የሚከፍተውም የባለጉዳዩ ትዕግሥትና የባለሥልጣኑ ርኅራኄ ነበር። ደጅ ጥናት የራሱ የሆነ ክብርና ጥበብ ነበረው፤ ብዙ ቤተሰብም አብልቷል። ነገር ግን በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚመረምሩት መምህራን ፊት ለፊታቸው የተደረደረው ወረቀት ብዙ ነው፤ ሥራቸውም ማዘን ሳይሆን ማወዳደር ነው። ችግረኛ ያልሆነ አመልካች ጥቂት ነው፤ ትምህርት የማይወድ አመልካች ደግሞ ከቶ የለም። እነሱ የሚፈልጉት ይህ ሰው ምን ሠራ፣ በሥራው ላይ ምን ችግር አየ፣ ያንን ችግር ለመፍታት ከእኛ ዘንድ የሚማረው የትኛውን ነገር ነው፣ ተመልሶስ ምን ያደርግበታል የሚለውን ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገን አንድ ጥያቄ ጠየቅናት።

«እኅታችን፣ ያለፈው ማክሰኞ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ማክሰኞ የነፍሰ ጡሮች ክትትል ቀን ነው» አለችን። «ድሮ ሐሙስ ነበር።»

«ለምን ተለወጠ?»

«እኔ ነኝ ያስለወጥኩት።»

ነገሩን ስትተርክልን እንዲህ ነው። ከተራራው ጀርባ ካለው ሸለቆ የሚመጡ እናቶች የመጀመሪያውን የክትትል ቀጠሮ አክብረው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይቀራሉ። ሥራ ባልደረቦቿ «ባለማወቅ ነው» ይሏቸዋል። እሷ ግን የቀሩትን ሴቶች ስምና መንደር በአንድ የልጅ ደብተር ላይ መመዝገብ ጀመረች። ጥቂት ወራት ቆይታ ደብተሩን ስታገላብጥ ምስጢሩ ተገለጠላት፤ ሐሙስ የሸለቆው ገበያ ቀን ነው። ቅቤዋንና እንቁላሏን ለመሸጥ በሳምንት አንድ ቀን ያላት ሴት ያን ቀን ለምርመራ ልትሰጥ አትችልም። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ አስረድታ ቀኑ ወደ ማክሰኞ ዞረ፤ እናቶቹም መምጣት ጀመሩ። ከገበያ ጋር ያልተያያዘ ምክንያት ኖሯቸው አሁንም የሚቀሩ አሉ፤ የእነሱን ምክንያት ገና አላወቀችውም።

«ይህን ለምን አልጻፍሽውም?» አልናት።

«ይህማ ሥራዬ ነው፤ ማን ይሰማዋል ብዬ?» አለች።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ አንድ የሕዝብ ጤና መምህር ከአመልካች ሊሰማው የሚመኘው ነገር ይህ ነው። ደብተሩ ጥናት ነው፤ የቀኑ መለወጥ የጥናቱ ፍሬ ነው፤ ዛሬም የሚቀሩት እናቶች ደግሞ ልትማር የምትሄድበት ምክንያት ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ ያዩትን ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፣ በሽታውን የሚያሸጋግሩት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኟቸው። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ሳይንስ ያዩት ነገር ምን እንደሆነ እንዲገነዘቡ ረድቷቸዋል፤ ነገሩ ግን የተገኘው እናቶቻችን ነጠላቸውን ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው። በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀብለዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም ከዓለማያ ተነሥተው ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሄደው በመማር የተመራመሩት ገበሬያችን በየማሳው በሚረግመው በአቀንጭራ ላይ ነው፤ አቀንጭራን የሚቋቋመው ማሽላም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለምን የምግብ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ራስን ማመስገን ነውር ነው ተብለን አድገናል፤ ነውር መሆኑንም ዛሬ አንክድም። እኅታችንም «አስለወጥኩ» ከማለት «ተለወጠ» ማለት ይቀላታል። እኛ የሰጠናት ምክር ራስሽን አታመስግኚ፣ የሆነውን ብቻ ተርኪ የሚል ነው። መቼ እንደ ጀመረች፣ ምን እንደ መዘገበች፣ ለማን እንዳስረዳች፣ ከዚያ በኋላ በመዝገቡ ላይ ምን እንደ ታየ በቅደም ተከተል ትጻፈው። «ጎበዝ ነኝ» የሚል አንድም ቃል አያስፈልግም። ስለ ወላጆቿ ችግር የጻፈችውን አንድ አንቀጽ አስወጣናት፤ ስታወጣው ትንሽ ቅር አላት። ባለቤቷን ተከትላ ሦስት ጊዜ ሰፈር ስትለውጥ ሥራ ፈት የቆየችበትን ስምንት ወር ልትደብቅ አስባ ነበር፤ እሱን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንድታስገባው መከርናት። የወታደር ሚስት የሥራ ታሪክ ቀዳዳ ቢኖረው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚያስጠረጥረው ሳይነገር ሲቀር ነው።

የድጋፍ ደብዳቤን በሚመለከት ሁለት ስሞች ይዛ ነበር። አንዱ በከተማው ስሙ የታወቀ፣ እሷን ግን በሠርግ ላይ ብቻ የሚያውቃት ሰው ነው፤ ሁለተኛው የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነው። ትልቅ ስም ትልቅ በር ይከፍታል የሚለው እምነትም ከደጅ ጥናት የመጣ ነው። ባሕር ማዶ ያለው መምህር የታዋቂውን ሰው ስም አያውቀውም፤ ማወቅ የሚሻው ጸሐፊው አመልካቿን በሥራ ላይ አይቷት እንደሆነ ነው። ኃላፊው እንዲጽፍላት ወሰነች፤ ጊዜ እንዲኖረውም ቀኑ ሊዘጋ አንድ ወር ሲቀረው ደብተሩን ጭምር ወስዳ ሰጠችው።

ስለ ወረቀት ጣጣ ጥቂት እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። የውጭ አገር ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። እኛ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። አመልካች በፓስፖርቱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈውን ስም በሁሉም ቅጽ ላይ እንዳለ መድገም አለበት፤ አንዱ ቅጽ ላይ የአባትን፣ ሌላው ላይ የአያትን ስም መጻፍ ሁለት ሰው መሆን ነው። ፊደሉም እንዲሁ ነው። «ፀ»ን አንዱ ጸሐፊ በ«ቲ» እና በ«ኤስ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጽፋታል፤ ዲግሪና ፓስፖርት በዚህ ምክንያት የተጣሉበትን ሰው በዓይናችን አይተናል። ሚስቶቻችን ሲያገቡ የአባታቸውን ስም አይለውጡም፤ ይህ ለእኛ ክብር ነው፤ ለውጭ አገር ቆንስላ ግን ባልና ሚስቱን የሚያገናኝ ነገር ስላላየ የጋብቻ የምስክር ወረቀት ተተርጉሞና ተረጋግጦ ይቅረብልኝ ይላል።

የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነትም ተጠንቅቀው ካልያዙት ያስገምታል። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። በኅዳር የተወለደ ልጅ 8 ተደምሮለት የልደት ወረቀቱ ከፓስፖርቱ በአንድ ዓመት ሲለያይ ማየት የተለመደ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ደግሞ በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ያለበትን ዕዳ ሳይከፍል ወይም በአገልግሎት ሳይተካ ትክክለኛ የትምህርት ማስረጃውን ለማግኘት ይቸገራል። ይህን የሚያውቀው ቀኑ ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ከሆነ አለቀለት።

ስለ እንግሊዝኛ ፈተና የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። አይኤልትስም ሆነ ቶፍል ውጤታቸው የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ስለሆነ ቀድሞ መፈተን ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቹ የመጀመሪያ ዲግሪውን በእንግሊዝኛ መማሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራሩ ካመጣ ፈተናውን አይጠይቁም። አስቀድሞ ጽፎ መጠየቅ ወረቀትም ቴምብርም የማይፈጅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። እኅታችንን ያሳሰባት እንግሊዝኛው አልነበረም። ወረቀቱን አርመን ከጨረስን በኋላ «የልጆቹ አባት ያውቃል?» ብለን ጠየቅናት። አቀርቅራ ዝም አለች። ካልተቀበሉኝ ባያውቅ ይሻላል፣ ከተቀበሉኝ ያን ጊዜ እነግረዋለሁ ብላ ነበር ያሰበችው።

ይህን ሐሳብ አልተቀበልነውም። አንደኛ ነገር ቅጹ ራሱ ይጠይቃል፤ ባለትዳር ነሽ ወይ፣ ልጆችስ አሉሽ ወይ፣ ማን ይከተልሻል ይላል። ሁለተኛም የአገሩ ምርጫ ከቤተሰብ ጉዳይ ተነጥሎ አይታይም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በክፍል ውስጥ የሚሰጥ የማስተርስ ትምህርት የሚማር የውጭ ተማሪ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ይዞ እንዳይገባ ደንግጓል፤ በምርምር ዲግሪ ላይ ያሉና በመንግሥት ስኮላርሺፕ የሚማሩ ብቻ ከድንጋጌው ነፃ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው ቼቭኒንግ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፤ ነገር ግን ወጪ የሚሸፍነው ለተማሪው ብቻ ነው። ትምህርቱ አንድ ዓመት ነው፤ አመልካቹ ቢያንስ 2,800 ሰዓት፣ ማለትም የ2 ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ሊኖረው፣ ሲጨርስም ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ 2 ዓመት ሊቆይ ይገባል። ብዙውን ጊዜ በክረምቱ ማብቂያ ተከፍቶ በመስከረም ወይም በጥቅምት ይዘጋል።

በጀርመን አገር አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ሀገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ በየመንፈቁ 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። «ነፃ ነው» የሚለውን ወሬ ሰምቶ የሚነሣ ሰው ሌላም ማወቅ አለበት፤ በራሱ ገንዘብ የሚሄድ ተማሪ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆነውን ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የተወሰነው መጠን 11,904 ዩሮ ነው። ለእኛ ዓይነቱ ቤተሰብ ይህ የሚታሰብ አይደለም። የሚያዋጣው እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተው ዲ.ኤ.ኤ.ዲ. የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ለልማት ነክ የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ነው። እሱም ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ቤተሰብ ለሚከተለውም እንደ ሁኔታው ድጎማ አለው። ነገር ግን የአመልካቹ የመጨረሻ ዲግሪ ከ6 ዓመት በላይ ያለፈው መሆን የለበትም። እኅታችን አምስት ዓመት አልፏት እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። ልጁ ከፍ ይበል፣ ሰፈር እንለውጥና፣ ክረምቱ ይለፍ ስትል የቆየችው እንግዲህ በዚህ ስሌት ላይ ነው።

በአሜሪካ የተማሪ ባል ወይም ሚስት ሆኖ በኤፍ-2 ቪዛ የሚገባ ሰው ሥራ ሠርቶ መክፈል አይፈቀድለትም። ስለዚህ አንዱ ይማራል፣ ሌላው ሠርቶ ያኖረዋል የሚለው ዕቅድ እዚያ አይሠራም። በአንጻሩ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በሳይንስ መስኮች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ወደ ዶክትሬት ትምህርት ተማሪ ይቀበላሉ፤ በረዳት መምህርነት ወይም በምርምር እያገለገለ ክፍያው ተሰርዞለት ደመወዝም የሚቆረጥለት አለ። ይህን የሚያውቁ ወጣቶቻችን ጥቂቶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ እንወቀሳለን። ቼቭኒንግም ሆነ ዲ.ኤ.ኤ.ዲ. ከአመልካች የማመልከቻ ገንዘብ አይቀበሉም። «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ» እያለ በየሰፈሩ የሚዞር ደላላ ከዕቁብ የወጣ ገንዘብ ሲቀበል እኛ የምናውቀው አንድም በር አልከፈተም።

እኅታችን በዚያው ሳምንት ለባለቤቷ ነገረችው። ያለበት ሥፍራ ስልክ የሚሠራው ከኮረብታ ላይ ሲወጡ ብቻ ስለሆነ የሚደውለው እሑድ እሑድ ነው። ሰምቶ ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ እሷም መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ነበር። ከዚያ «ልጆቹስ?» አላት። መልስ አልነበራትም። ሁለት እሑድ ሳይደውል አለፈ። እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ስትነግረን ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማመልከቻውን ትቀደው እንደሆነም ጠይቃናለች። እኛም መልስ አልሰጠናትም፤ እንዲህ ያለውን የሚመልስ አምድ የለም።

በሦስተኛው እሑድ ደወለ። ከእናቱ ጋር ተነጋግሮ ነበር፤ ልጆቹን ለአንድ ዓመት ልትይዝ ተስማምታለች፤ ለሁለት ዓመት ግን አልሆነችም፤ ጉልበቷን ያማታል። ስለዚህ የእንግሊዙ ቢሳካ ብቻዋን ትሄዳለች፤ የጀርመኑ ቢሳካ ትንሹን ይዛ ትሄዳለች፤ ትልቁ ከአያቱ ዘንድ ይቀራል። በዚህኛው ላይ ገና አልተስማሙም። ትልቁን ልጅ ለሁለት ዓመት ትቶ መሄድን እሷ አትቀበለውም፤ እሱ ደግሞ ትምህርት ቤቱን አያቋርጥ ይላል። የሁለቱም ምክንያት ምክንያት ነው።

የዓመት ፈቃዱን ሲወስድ የመጀመሪያውን ቀን ያሳለፈው ቤቱ ሳይሆን እሷ በተመረቀችበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በር ላይ ነው። የቀረውን የወጪ መጋራት ዕዳ ከፍሎ፣ ማስረጃዋ በታሸገ ፖስታ እንዲወጣ አድርጎ ማታ ሰፈር ገባ። ፖስታውን ልጆቹ እንዳይነኩት ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠው። በማግስቱ ፓስፖርቷንና የዲግሪዋን ቅጂ ጎን ለጎን አድርጎ ሲያነብ የአያቷ ስም በአንዱ ላይ አንድ ፊደል እንደ ጎደለው ያየው እሱ ነው። ሁለቱም ስሞች የእሷው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ለማውጣት ሌላ ሦስት ቀን ከፈቃዱ ሄደ።

ሁለቱንም ማመልከቻዎች ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ኢንተርኔቱ በሚሻልበት ሰዓት፣ የእንግሊዙ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ላከቻቸው። ይህ አምድ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ መልስ አልመጣላትም። በውትድርና ላይ ሆነው ራሳቸው ማመልከት የሚሹ አንባቢዎቻችን ከሁሉ አስቀድመው ለክፍላቸው አስታውቀው ፈቃድ እንዲጠይቁ እናሳስባለን። ረቂቅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ቢሯችን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው፤ የሥራ ደብተር ያለው ደብተሩንም ይዞ ይምጣ።